ሰሌዳ እና ማመልከቻ ጸሐፊ፦ ስታቲክ ድረ ገጽ እንዴት ይሠራል?

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚወጣ ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ እናትና ልጅ ተቀምጠዋል። እናትየው የሚያለቅሰውን ግራ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጋሉ። ልጁ ደግሞ በስልኩ የአንድ የደሴ ክሊኒክ ድረ ገጽ ለመክፈት ይታገላል። ማወቅ የፈለገው የዓይን ሐኪሙ በየትኛው ቀን እንደሚገባ ብቻ ነው። ነጭ ገጽ ላይ አንዲት ክብ ትሽከረከራለች። መንገዱ ሲጠማዘዝ ኔትወርኩ ይጠፋል፣ ዳገቱን ወጣ ሲል ይመለሳል፤ ክቧ ግን መሽከርከሯን አላቆመችም። «እማዬ፣ እምቢ አለኝ» አለ በመጨረሻ። «ተወው በቃ፣ ደርሰን እንጠይቃለን» አሉት። ደርሰው ሐኪሙ ባይኖርስ? የሁለት ሰው የደርሶ መልስ ትራንስፖርትና አንድ የሥራ ቀን ከንቱ ቀረ ማለት ነው።

ድረ ገጽ መሥራት የዕለት እንጀራዬ ስለሆነ ነገሩ ከነከነኝና እዚያው ተቀምጬ አሰላሁት። አንድ የግዕዝ ፊደል ዛሬ በምንጠቀምበት ዩቲኤፍ-8 በሚባለው አጻጻፍ 3 ባይት ይይዛል፤ ባይት የኮምፒውተር ጽሑፍ መለኪያ ነው። «የዓይን ሐኪም ማክሰኞና ሐሙስ ከ3፡00 እስከ 6፡00» የሚል መስመር ከነክፍተቱ መቶ ባይት አይሞላም። ክሊኒኩ ስላሉት አገልግሎቶች፣ ስለ ሰዓቱና ስለ አድራሻው ሁሉ 1,500 ፊደል ቢጽፍ እንኳ 4.5 ኪሎባይት ገደማ ነው። ይህ በደከመ ኔትወርክም ቢሆን ዓይን ጨፍኖ እስኪገለጥ የሚደርስ ነገር ነው። ታዲያ ልጁ ምን ጠብቆ ነው ያጣው? ሲጠብቅ የነበረው ያችን አንድ መስመር አልነበረም፤ ያችን መስመር ለመጻፍ ሩቅ አገር ያለ ኮምፒውተር የሚያደርገውን ሽር ጉድ፣ በላዩም የተጫነበትን የፎቶና የኮድ ክምር ነው።

ልዩነቱን ፍርድ ቤት ደጃፍ የቆመ ሰው በቀላሉ ይረዳዋል። አጥሩ ሥር ማመልከቻ ጸሐፊዎች ተደርድረዋል። ባለጉዳይ ሲመጣ ጸሐፊው ስሙን ይጠይቃል፣ ነገሩን ያዳምጣል፣ ከልምዱ የሚስማማውን አቀራረብ ይመርጣል፣ ከዚያ ለዚያ ሰው ብቻ የሚሆን ወረቀት ይጽፋል። ቀጣዩ ባለጉዳይ ሲመጣ እንደገና ከ«ለ» ይጀምራል። በሩ ጎን ደግሞ የማስታወቂያ ሰሌዳ አለ። የቀጠሮ ዝርዝሩ ጠዋት ተለጥፏል፤ አንድ ሰው ቢያየው ሁለት መቶ ሰው ቢያየው ሰሌዳው አይደክምም፣ ሰልፍም አያስይዝም። ስታቲክ ድረ ገጽ ሰሌዳው ነው። ዳይናሚክ የሚባለው ማመልከቻ ጸሐፊው ነው።

ወደ ኮምፒውተሩ ስንመጣ፣ ስልክህ ላይ አድራሻ ስትጽፍ ገጽ የሚከፍተው ፕሮግራም፣ ብራውዘርህ፣ መጀመሪያ ዲኤንኤስ የሚባለውን የአድራሻ መዝገብ ይጠይቃል፤ «ይህ ስም ያለው ቤት ቁጥሩ ስንት ነው?» እንደማለት። ቁጥሩ ሲነገረው ድረ ገጹ ወደሚቀመጥበት ኮምፒውተር፣ ወደ ሰርቨሩ፣ ይሄድና «ዋናውን ገጽ ስጠኝ» ይላል። ሰርቨሩ ላይ ያለው ስታቲክ ገጽ ከሆነ የሚቀረው ሥራ ፋይሉን ከመደርደሪያው አንስቶ መስጠት ነው። አብሮም 200 የሚል ቁጥር ይልካል፤ «ተገኝቷል፣ እነሆ» ማለቱ ነው። ፋይሉ ከሌለ ሁላችንም የምናውቀውን 404 ይልካል። ብራውዘሩ የደረሰውን የኤችቲኤምኤል ጽሑፍ ከላይ ወደ ታች ያነባል፤ ይህ ርዕስ ነው፣ ይህ አንቀጽ ነው፣ እዚህ ጋ ፎቶ አለ የሚሉ ምልክቶች ተጽፈውበታል። ቀለሙንና አደራደሩን የሚናገረውን የሲኤስኤስ ፋይልና ፎቶዎቹን ያስመጣና ገጹን ራሱ ይስለዋል። በማግስቱ ስትመለስ ደግሞ «ካለፈው ወዲህ የተቀየረ ነገር አለ?» ብሎ ብቻ ሊጠይቅ ይችላል። ሰርቨሩ 304 ብሎ ከመለሰ «እጅህ ላይ ያለው ይበቃሃል» ማለት ስለሆነ ገጹ እንደገና አይወርድም። ዳታ በካርድ እየሞላ ለሚጠቀም ሰው ይህች ቁጥር ብር ናት።

ዳይናሚክ ሲሆን መሃሉ ላይ ሌላ ሥራ ይገባል። ጥያቄው እንደደረሰ ሰርቨሩ አንድ ፕሮግራም ይቀሰቅሳል። ይህ ፕሮግራም ብዙ ጊዜ ፒኤችፒ በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ የተጻፈ ነው። የገጹን መልክ ያነባል፣ ፕለጊን የሚባሉትን ተጨማሪ ትንንሽ ፕሮግራሞች አንድ በአንድ ያስነሳል፣ መረጃው ወደተከማቸበት ዳታቤዝ ደጋግሞ ይመላለሳል፤ ርዕሱን አምጣ፣ ዝርዝሩን አምጣ፣ የጎን ማውጫውን አምጣ። ሁሉንም ሰፍቶ ገጹን ይልክና ይረሳዋል። ከአንድ ሰከንድ በኋላ ሌላ ሰው ያንኑ ገጽ ቢጠይቅ ያንኑ ልፋት ከመጀመሪያው ይደግማል። እርግጥ የተሠራውን ገጽ ለጥቂት ጊዜ አስቀምጦ ለሚቀጥለው ሰው የመስጠት ዘዴ አለ፤ ካሽ ይባላል። ግን ይህ ዘዴ ማመልከቻ ጸሐፊውን በግድ ሰሌዳ ለማድረግ መሞከር ነው።

የፈተና ውጤት በሚወጣበት ቀን ድረ ገጾች የሚወድቁበት አንዱ ምክንያት እዚህ ላይ ይታያል። ማይኤስኪውኤል የተባለው በሰፊው የሚሠራበት ዳታቤዝ ማንም ካልነካካው በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደው ግንኙነት 151 ነው። መቶ ሃምሳ ሁለተኛው ተማሪ በሩ ላይ ይመለሳል። ባለሙያ ይህን ቁጥር ከፍ ያደርገዋል፤ ነገር ግን ማሽኑም አብሮ ማደግ አለበት። ስታቲክ ፋይል ብቻ የሚሰጥ አነስተኛ ሰርቨር ግን በሰከንድ በሺህ የሚቆጠር ጥያቄ ይመልሳል፤ አንስቶ ከመስጠት በቀር ሌላ ሥራ የለበትምና።

«ስታቲክ» የሚለውን ቃል ብዙ ሰው በስህተት ይረዳዋል። የሞተ፣ የማይንቀሳቀስ፣ ጊዜ ያለፈበት ገጽ ይመስለዋል። አንድ የፔንሲዮን ባለቤት ፒያሳ ቡና እየጋበዙኝ «ለእኔ ዘመናዊውን ሥራልኝ፣ ስታቲክ የሚባለውን አልፈልግም፣ ፎቶው ይንቀሳቀስ» ብለውኛል። ፎቶ ማንቀሳቀስ፣ ምናሌ መክፈትና መዝጋት፣ ካርታ ማሳየት፣ የኪራይ ዋጋ በቀናት ማስላት ይቻላል፤ ይህ ሁሉ ጃቫስክሪፕት የሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ሥራ ነው፣ የሚሠራውም ፋይሉ ከደረሰ በኋላ እዚያው ስልኩ ውስጥ ነው። ስታቲክ መባሉ ሰርቨሩ ፋይሉን ለማንም ሳይለውጥ እንዳለ ስለሚሰጥ ነው። ባለቤቱ በፈለገ ጊዜ ፋይሉን ይቀይረዋል፣ እንደ ሰሌዳው ወረቀት።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ከመጽሐፍ ብቻ አውቄው አይደለም፤ ዋጋ ከፍዬበታለሁ። ከዓመታት በፊት ደሴ ውስጥ ላለ አንድ የግል ትምህርት ቤት ድረ ገጽ ሠራሁ። ዎርድፕረስ ጫንኩ። ዎርድፕረስ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ ጥሩ የዳይናሚክ ድረ ገጽ መሥሪያ ነው፤ ዛሬ በዓለም ላይ ካሉ አሥር ድረ ገጾች አራቱ ያህል የሚሠሩት በእሱ ነው። በላዩ ላይ አሥራ አራት ፕለጊን ደረደርኩ። ለፎቶ አንድ፣ ለቅጽ አንድ፣ ለቀን መቁጠሪያ አንድ። ርእሰ መምህሩ ደስ አላቸው፣ ገንዘቤን ተቀበልኩ፣ የይለፍ ቃሉን በወረቀት ጽፌ ሰጥቼ ወጣሁ። ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ ማለዳ፣ ጉም የጦሳን ተራራ እንደሸፈነ፣ ስልኬ ጮኸ። «ልጄ፣ ኧረ ጉድ ሆነናል፤ ወላጆች የትምህርት ቤቱን ስም ሲፈልጉ የቁማር ማስታወቂያ ነው የሚመጣባቸው።» ከፍቼ ሳየው እውነት ነው። ከፕለጊኖቹ አንዱ ሰርጎ የሚያስገባ ቀዳዳ ተገኝቶበት ነበር፤ ማደሻው ከወጣ ወራት አልፈዋል፣ የሚያድሰው ሰው ግን አልነበረም። እንዲህ ያለውን ቀዳዳ የሚፈልገው ሰው አይደለም፤ ቀንና ሌሊት የዓለምን ድረ ገጾች በር የሚያንኳኳ ፕሮግራም ነው። ለእሱ የደሴ ትምህርት ቤትና የለንደን ሱቅ አንድ ናቸው። ላጸዳው ስል ደግሞ ሌላ ችግር ተገኘ። የሆስቲንጉ፣ ማለትም ድረ ገጹ የሚቀመጥበት ሰርቨር ኪራይ፣ ክፍያ በዶላር ነው፤ ሲከፍል የነበረው ውጭ አገር ያለ የርእሰ መምህሩ የወንድም ልጅ ሲሆን ካርዱ ጊዜው አልፎበታል። በሳምንቱ ጣቢያው ጭራሽ ጠፋ።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። ትምህርት ቤቱ የፈለገው ሰሌዳ ነው፤ እኔ የሸጥኩላቸው በየቀኑ ጠባቂ፣ በየወሩ እድሳት፣ በየዓመቱ ዶላር የሚፈልግ ቢሮ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ዞር ዞር ብሎ የንግድ ካርዶች ላይ የታተሙትን አድራሻዎች የሚሞክር ሰው የማይከፈቱ ብዙ ያገኛል። ብዙ ጊዜ «ሰዉ ስለ ቴክኖሎጂ ግንዛቤ የለውም» ሲባል እሰማለሁ። እኔ እንደዚያ አላምንም። ባለቤቶቹ የሚገባቸውን አውቀው ከፍለዋል፤ የተሸጠላቸው ዕቃ ግን ለኑሯቸው የሚሆን አልነበረም።

ትምህርት ቤቱን እንደገና ስሠራው ሰባት ገጽ ብቻ ሆነ፦ መግቢያ፣ ምዝገባ፣ ክፍያ፣ የትምህርት ዘመን መርሐ ግብር፣ ስለ ትምህርት ቤቱ፣ መምህራን፣ አድራሻ። ሰባቱን በእጅ ብጽፋቸውም ይቻል ነበር፤ ግን የስልክ ቁጥሩ በተቀየረ ቁጥር ሰባት ቦታ ማረም አሰልቺ ነው። ለዚህ ሲባል የተሠሩ መሣሪያዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ጄኪልና በ2013 የወጣው ሁጎ ከታወቁት ናቸው። ጽሑፉን በቀላል ፋይል ትጽፋለህ፣ የገጹን ቅርጽ አንድ ጊዜ ታበጃለህ፣ ከዚያ ፕሮግራሙ ሁሉንም ገጽ ባንድ ጊዜ ይጋግረዋል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ምጣድ የሚጣድበት ቤት አለ፤ ጠዋት ተጋግሮ መሶብ ውስጥ የሚቀመጥበትም ቤት አለ። ሁጎ የኋለኛውን ነው የሚያደርገው። የተጋገሩትን ፋይሎች ለማስቀመጥ ደግሞ እንደ ጊትሃብ ፔጅስ ያሉ ነጻ ቦታዎች አሉ፤ እዚያ ለአንድ ድረ ገጽ የሚፈቀደው 1 ጊጋባይት ሲሆን ለሰባት ገጽ እጅግ የተትረፈረፈ ነው። መረጃው መንገድ ላይ እንዳይነበብ በምስጢር ቁልፍ የሚጠበቀው ግንኙነትም ዛሬ በነጻ ይገኛል። የቀረው የዶሜይን ስም፣ ማለትም የድረ ገጹ አድራሻ፣ ክፍያ ብቻ ነው።

በጣም ያደከመኝ ኮዱ አልነበረም፤ ጽሑፉና ፎቶው ነው። ጸሐፊዋ የትምህርት ቤቱን መግለጫ በፍላሽ አመጣችልኝ። ስከፍተው ቅንፍ፣ ቃለ አጋኖና የላቲን ፊደል ተደበላልቆ አየሁ። «አማርኛ ነው እኮ፣ እኔ ቢሮ ይታየኛል» አለችኝ። እውነቷን ነው። ፋይሉ የተተየበው በድሮ የግዕዝ ፎንት ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ለዓለም ፊደሎች የየራሳቸውን ቁጥር በሚሰጠው መዝገብ፣ ዩኒኮድ፣ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛው እትም ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ፎንቶች እያንዳንዱ በየራሱ መንገድ የላቲን ፊደሉን ቁጥር ወስዶ ላዩ ላይ «ሀ»ን ይስል ነበር። ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር «ሀ» ወደ ላቲን ፊደሉ ይመለሳል። በየኮምፒውተር ጽሕፈት ቤቱ ዛሬም በዚህ መንገድ የተከማቸ ስንት ዶሴ እንዳለ ሳስብ ይጨንቀኛል። ሦስት ገጹን እንደገና ተየብነው፤ እሷ እያነበበች እኔ እየጻፍኩ። ገጹ ራስጌ ላይ «ይህ ጽሑፍ ዩቲኤፍ-8 ነው፣ ቋንቋው አማርኛ ነው» የሚሉትን ሁለት አጫጭር መስመሮች መርሳት አይገባም። የመጀመሪያው ከሌለ አንዳንድ ብራውዘር ፊደሉን ሊያበላሽ ይችላል፤ ሁለተኛው ለዓይነ ስውራን ጽሑፍ የሚያነበው ፕሮግራም በየትኛው ቋንቋ እንደሚያነብ ይነግረዋል።

ፎቶውም እንደዚሁ። የምረቃው ፎቶ ከስልክ እንደወጣ 3 ሜጋባይት ይመዝናል። ይህ አንድ ሚሊዮን የግዕዝ ፊደል ማለት ነው። አንድ ወፍራም መጽሐፍ የሚሆን ጽሑፍ ተሸክሞ የሚመጣው አንድ ምስል፣ ስልክ ላይ የሚታየው ደግሞ በመዳፍ ስፋት ነው። በመጠኑ አሳንሼ ወደ መቶ ኪሎባይት አወረድኩት፤ በዓይን ልዩነቱን የለየ ሰው የለም። እዚህ ላይ በግልጽ መናገር ያለብኝ ነገር አለ፦ ስታቲክ መሆን ብቻውን ፈጣን አያደርግም። ሃያ ትልልቅ ፎቶ የተጫነበት ስታቲክ ገጽ ያንን የሚኒባሱን ልጅ ከዳይናሚኩ ባልተናነሰ ያስጠብቀዋል።

ርቀትም የራሱ ዋጋ አለው። ሰርቨሩ አውሮፓ ቢሆን ጥያቄያችን ከደሴ ተነስቶ፣ አገር አቋርጦ፣ በባሕር ሥር ገመድ አልፎ ይሄዳል፤ መልሱም በዚያው ይመጣል። ብርሃን በመስታወት ገመድ ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ አንድ ምልልስ ብዙም አይደለም። ግን ገጽ ሲከፈት ምልልሱ አንድ አይደለም፤ አድራሻ ጥየቃው፣ ግንኙነቱን መክፈቱ፣ ቁልፉን መለዋወጡ፣ ፋይሉን መጠየቁ ሁሉ የየራሱ ጉዞ አለው። ስታቲክ ፋይል ያለ ችግር ይባዛል፤ አንዱን ቅጂ ጅቡቲ፣ ሌላውን ናይሮቢ ማስቀመጥ ይቻላል። እንደ ክላውድፍሌር ያሉ ድርጅቶች በሁለቱም ከተሞች ማዕከል አላቸውና አንባቢው ከቅርቡ ይወስዳል። ዳታቤዝን እንዲህ ማባዛት ግን ከባድ ነው፤ አንዱ ቦታ የተጻፈው ሌላው ዘንድ ወዲያው መድረስ አለበትና።

ሰሌዳ የማይበቃበት ቦታ አለ፣ ያንን አልክድም። የዩኒቨርሲቲ ምዝገባ፣ የባንክ ሒሳብ፣ የሕመምተኛ ካርድ፣ ክፍል መኖሩን በየደቂቃው የሚያሳይ የሆቴል መያዣ፤ እነዚህ ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ መልስ ይፈልጋሉ፣ ስለዚህ ጸሐፊ ያስፈልጋቸዋል። ስታቲክ ገጽ ቅጽ ማሳየት ይችላል፤ የተሞላውን ቅጽ ግን ራሱ መቀበል አይችልም፣ የሚቀበልለት ሌላ አገልግሎት ማገናኘት ግድ ነው። ይሁንና አንድ ተቋም ይህን ሸክም ከመሸከሙ በፊት ጠያቂው ምን እንደሚፈልግ ቢያይ መልካም ነው። ለትምህርት ቤቱ «የምዝገባ ቅጽ በኦንላይን» የሚለውን ትተን ሲነካ የሚደውል ስልክ ቁጥርና የቴሌግራም አድራሻ አስገባን። ወላጅ የሚፈልገው መደወል ነው። ያልተሰበሰበ መረጃ ደግሞ አይሰረቅም፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰውን ስምና ስልክ ዳታቤዝ ውስጥ ማከማቸት ኃላፊነት የሚያስከትል ነገር ነው።

«ቴሌግራም ካለ ድረ ገጽ ለምን?» የሚለኝ ብዙ ነው፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። የዛሬ ዋጋ፣ የዛሬ ዜና፣ የጠፋ መታወቂያ፤ ለዚህ ቴሌግራምን የሚያክል የለም። ግን ቻናል ላይ የተለጠፈ ነገር ይሰምጣል። የዓይን ሐኪሙ ቀን መስከረም ላይ ከተለጠፈ ጥር ላይ ለማግኘት አራት ወር ወደ ላይ መጎተት ነው። ቻናሉን የማያውቅ እንግዳ፣ ለምሳሌ ከባቲ ወይም ከከሚሴ የመጣ ሕመምተኛ፣ ጎግል ላይ ፈልጎ የሚያገኘው ብዙውን ጊዜ ገጽን ነው። የማይለወጠውን ገጽ ላይ፣ የሚለዋወጠውን ቻናል ላይ ማድረግ ይሻላል፤ ገጹም ወደ ቻናሉ ይጠቁም።

የስታቲክ ፋይል ዕድሜ ሌላው የሚገርመኝ ነው። ቲም በርነርስ-ሊ ስዊዘርላንድ ባለው ሰርን በተባለው የአውሮፓ የምርምር ማዕከል የሠራው የዓለም የመጀመሪያው ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. በ1991 ለሕዝብ የተዋወቀ ሲሆን ስታቲክ ነበር። ማዕከሉ እ.ኤ.አ. በ2013 በቀድሞው አድራሻው መልሶ አስቀምጦታል። ዛሬ ከደሴ በስልክ ሲከፈት ጽሑፉ ያለምንም ችግር ይነበባል፤ ያኔ ስልክ ላይ ይነበባል ብሎ ያሰበ ሰው ባይኖርም። እኔ የሠራሁት የአሥራ አራት ፕለጊን ጣቢያ ሁለት ዓመት ነው የቆየው።

እዚህ ከተማ ደግሞ ስለ ዕድሜ ስናወራ ነገሩ ከቴክኖሎጂም ያልፋል። በ2014 ዓ.ም ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ መብራቱም ኔትወርኩም ተቋርጧል፣ ብዙ ተቋም ኮምፒውተሮቹን አጥቷል። ከ2015 ክረምት ጀምሮም በክልሉ የሞባይል ዳታ ለወራት ተዘግቶ ነበር። ኔትወርክ ሲጠፋ ስታቲክም ሆነ ዳይናሚክ ከሰርቨር አይመጣም። ግን ስታቲክ ድረ ገጽ ፎልደር ነው፤ ገልብጠህ በፍላሽ ትይዘዋለህ፣ ከስልክ ወደ ስልክ ታስተላልፈዋለህ፣ ለዚያ ተብሎ በአግባቡ ከተሠራም ያለ ኢንተርኔት ትከፍተዋለህ። የመድኃኒት አወሳሰድ፣ የተማሪ መለማመጃ፣ የእርሻ ምክር በዚህ መልክ ተዘጋጅቶ ቢሆን በእነዚያ ወራት ከእጅ ወደ እጅ ይደርስ ነበር።

ስለዚህ ድረ ገጽ ለማሠራት የሚነጋገር ሰው ሲያማክረኝ የምነግረው አንድ መፈተኛ አለኝ። ቀሪውን ገንዘብ ከመክፈልህ በፊት ለሠሪው «ሙሉውን በፍላሽ ስጠኝ» በለው። ፍላሹን ላፕቶፕህ ላይ ሰካ፣ ዋይፋዩን አጥፋ፣ ኢንዴክስ የሚለውን ፋይል ሁለቴ ንካ። ገጹ ከተከፈተ፣ ማውጫውም ከአንዱ ወደ ሌላው ከወሰደህ፣ ድረ ገጹ እጅህ ላይ ነው፤ ሠሪው አገር ቢለቅ፣ ካርዱ ጊዜው ቢያልፍ፣ ሆስቲንጉ ቢዘጋ ሌላ ቦታ ታስቀምጠዋለህ። ካልተከፈተ ደግሞ ሁለት ጥያቄ ቀርቶሃል፦ በየወሩ ማን ያድሰዋል? በዶላር የሚከፈለውንስ ማን ይከፍላል? ለሁለቱም ስም ጠርቶ የሚመልስ ሰው ካለ ይሁን፣ ቀጥል።

የትምህርት ቤቱ ፍላሽ ርእሰ መምህሩ መሳቢያ ውስጥ፣ ከማኅተሙ ጎን ነው ያለው። ባለፈው መስከረም የምዝገባው ቀን ሲቀየር ጸሐፊዋ ራሷ አረመችው፤ እኔ የሰማሁት ለሌላ ጉዳይ ስደውል ነው።